በትንሽ ገንዘብ ሞባይል ሆምን ሞቅ ያለ ቤትና ጓሮ ማድረግ፦ አንድ ጥያቄና 24 ምላሾች

የመክፈቻው ጥያቄ

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያቀረበችው በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በኦሮራ ከተማ የምትኖር፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። የአፓርታማዋ ኪራይ ከዓመት ዓመት እየናረ ከአቅሟ በላይ ስለሆነባት፣ ያጠራቀመችው ላይ የዕቁብ ዕጣዋን ጨምራ በ1983 የተሠራ፣ ወርዱ 14፣ ርዝመቱ 66 ጫማ የሆነ ሞባይል ሆም፣ ማለትም በፋብሪካ ተሠርቶ መጥቶ በቦታው የሚቆም ቤት፣ ገዝታለች። ቤቱ የራሷ ነው፤ የቆመበት መሬት ግን ሞባይል ሆሞች በጋራ የሚቆሙበት መንደር፣ ማለትም የፓርኩ፣ ባለቤት ንብረት በመሆኑ በየወሩ የቦታ ኪራይ ትከፍላለች። በእጇ የቀራት 1,500 ዶላር ነው። ወለሉ እግር እንደሚያደነዝዝ፣ የግድግዳው ልባጥ እንደ ደበዘዘ፣ ከቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ መሬትም ከጠጠርና ከአረም በቀር ምንም እንደማይታይባት ዘርዝራለች።

የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ብርዱ ሳይገባ ቤቱ ለልጆቿ የሚሞቅና የሚወደድ እንዲሆን ይህችን ገንዘብ ከምን ላይ ብትጀምር እንደሚሻል፤ ሁለተኛው፣ በዚያ አፈር ላይ ጎመንና ጤና አዳም የሚበቅልበት ጓሮ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ነው። ዘመዶቿ ትሬለር ውስጥ ገባች እያሉ ከንፈር እንደሚመጡላት ጠቅሳ፣ የምትፈልገው ምክር እንጂ ሐዘኔታ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጣለች።

እኔም በዚሁ አካባቢ በሞባይል ሆም የምኖርና በቤት ጥገና የምተዳደር በመሆኔ ውይይቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። መስከረም በገባ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ስለሚነሳ፣ የምላሾቹን ፍሬ ነገር በየቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ፤ የራሴን አስተያየት ስጨምር የእኔ መሆኑን እለያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምላሾቹ

ምላሽ 1 እንኳን ለራስሽ ቤት አበቃሽ በሚል ምርቃት ይጀምራል። ጸሐፊዋ ወፍራም መጋረጃ፣ ሁለት ምንጣፍ፣ በሳሎኑ ጥግ ደግሞ መሶብና ረከቦት ቢቀመጡ ቤቱ ወዲያውኑ የሰው ቤት እንደሚመስል ትመክራለች። በክፍሉ ውስጥ ካለው አንድ አምፖል ይልቅ ብርሃናቸው ቢጫ የሆኑ ሁለት ሦስት የጠረጴዛ መብራቶች የዝቅተኛውን ጣሪያ ክብደት እንደሚያቀሉት የጨመረችው ሐሳብ ትክክል ነው።

ምላሽ 2 ወደ ግድግዳው ይሄዳል። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ቪኒል የተለበጠበት ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ስለሆነ፣ ቀለም በቀጥታ ቢቀባ በወራት ውስጥ እንደሚላጥ ቀለም ቀቢ የሆነው መላሽ ያስረዳል። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ቅባት በሚገባ ማጠብ፣ ከዚያ በለስላሳ ገጽ ላይ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) መቀባት፣ ቀለሙን ከዚያ በኋላ ማስከተል ያስፈልጋል። የተመላሽ ቀለም፣ የካቢኔት መዝጊያና መስኮት በቅናሽ የሚገኝባቸውን የሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ ሪስቶር መደብሮችም ጠቁሟል። እዚህ ላይ የእኔ ማሳሰቢያ ይግባ፤ የሞባይል ሆም የውጭ በርና የመታጠቢያ ገንዳ ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ቤት ያነሰ ነው። ገንዳው በተለመደው 60 ኢንች ፈንታ 54 ኢንች የሆነበት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ሜትር ሳይዙ ወደ መደብር መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።

ምላሽ 3 የውይይቱን አቅጣጫ የለወጠው ነው። የጻፈው በሚኒሶታ ለረጅም ጊዜ በሞባይል ሆም የኖረ ሰው ሲሆን፣ የቀደሙትን ሁለቱን አመስግኖ ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ እንዳለበት ተናግሯል። ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በብሎኬት ላይ የቆመ በመሆኑ ንፋሱ ከሥሩ ገብቶ ይወጣል፤ ስለዚህ መጋረጃውም ቀለሙም ከመገዛታቸው በፊት ገንዘቡ ከወለሉ በታች መዋል አለበት ባይ ነው። እኔም በየጊዜው ከእነዚህ ቤቶች ሥር በደረቴ እየተሳብኩ የምሠራ ሰው ነኝና፣ ከዚህ የሚበልጥ ምክር በውይይቱ ውስጥ አላገኘሁም።

አሠራሩን በዝርዝር አስቀምጦታል። ዝናብ በሌለበት ቀን ዙሪያውን ከከለለው ስከርቲንግ አንዱን ክፍል ነቅሎ በባትሪ መብራት መግባት ነው። ከወለሉ በታች ኢንሱሌሽኑን፣ ማለትም ሙቀት የሚጠብቀውን የፋይበርግላስ ንጣፍ፣ አቅፎ የሚይዝ ጥቁር ሸራ አለ፤ ያ ሸራ በቧንቧ ሠራተኛ ወይም በአይጥ ተቀድዶ ከሆነ ፋይበርግላሱ ረጥቦና ተቆልሎ ወደ መሬት ይንጠለጠላል፤ ያ ቦታ ከላይ እግር የሚያደነዝዘው ቦታ ነው። ቀጥሎ የሞቀውን አየር ወደየክፍሉ የሚያደርሰው የቆርቆሮ ቱቦ ይታያል። ማሞቂያው እየሠራ እጅን ወደ መገጣጠሚያው ቢያስጠጉ ሞቃት አየር መዳፍን ሲመታው ይሰማል፤ ይህ ማለት ባለቤቷ በወር በወሩ የምትከፍልበት ሙቀት ከቤቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ እያሞቀ ነው። መገጣጠሚያው ላይ የተለመደው ግራጫ የጨርቅ ፕላስተር ቢለጠፍበት ደርቆ ስለሚነሳ፣ ለቱቦ ተብሎ የተሠራው ባለ አሉሚኒየም ፕላስተር ወይም በብሩሽ የሚቀባው ማጣበቂያ መሆን አለበት። ሸራው ለዚሁ በተሠራ መጠገኛ ይጣፋል፤ በባዶው መሬት ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ተነጥፎ እርጥበቱ ይታገዳል፤ ከስከርቲንጉ ጀርባ ደግሞ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ይቆማል። የስከርቲንጉ መተንፈሻዎች ግን ጨርሰው እንዳይደፈኑ አስጠንቅቋል፤ መነሻ ልኩ ለ150 ስኩዌር ጫማ የወለል ስፋት 1 ስኩዌር ጫማ መተንፈሻ ነው።

በዚህ ላይ ያላነሳውን አንድ ነገር ልጨምር። በኮሎራዶ የዱር አይጥ ኩስ ሃንታ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ከቤት ሥር የሚገባ ሰው ጭንብልና ጓንት ማድረግ፣ ኩሱንም በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ አስቀድሞ በበረኪና ውኃ ማራስ አለበት።

ምላሽ 4 የአንድ አዛውንት ነው። በኔብራስካ በእርሻ አካባቢ ሲኖሩ ጎረቤቶቻቸው በብርዱ ወራት የጭድ ነዶ በቤቱ ዙሪያ ይደረድሩ እንደነበር፣ ዋጋው ርካሽ፣ ሙቀቱም አስተማማኝ እንደሆነ በትሕትና ጽፈዋል። ምላሽ 5 በቁጣ ደረሰባቸው። ደረቅ ጭድ በቤት ግርጌ መከመር ለእሳት መንገድ መክፈት፣ ለአይጥም ጎጆ መሥራት እንደሆነ፣ ሲረጥብ ደግሞ እርጥበቱን ወደ ወለሉ እንጨት እንደሚያስገባ በአንድ ትንፋሽ ከዘረዘረ በኋላ፣ አዛውንቱን አንተ እያለ ሰው የሚያስፈጅ ምክር እንደሰጡ ነገራቸው። ምላሽ 6 የነገሩን ፍሬ ሳይነካ የአነጋገሩን ድፍረት ብቻ ገሠጸ፤ እውነት የያዘ ሰው አንቱታን በመንፈጉ እውነቱ እንደማይጠነክርለት፣ አባት የሆኑ ሰውም በዚህ መንገድ እንደማይታረሙ ጠንከር አድርጎ ጽፏል። ምላሽ 7 ላይ አዛውንቱ ራሳቸው ተመልሰው፣ የእሳቱን ነገር እንደተቀበሉ፣ ጭዱ ግን ከቤቱ ርቆ በጓሮው አፈር ላይ ጉዝጓዝ ሆኖ እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ። የምላሽ 5 ጸሐፊ ከዚያ በኋላ እርስዎ እያለ ይቅርታ ጠይቋል።

ምላሽ 8 አጭር ቢሆንም ብዙ ገንዘብ የሚያድን ነው፤ አመስጋኝ ግን አላገኘም። ዌዘራይዜሽን አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባለው፣ በ1976 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የፌዴራል ፕሮግራም ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ ለማይበልጥ ቤተሰቦች የቤቱን የሙቀት ፍሳሽ መርምሮ በነፃ እንደሚጠግን፣ ሞባይል ሆምም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ እንደሆነ ያስታውቃል። ከምላሽ 3 ዝርዝር ውስጥ የቱቦውን መገጣጠሚያ መድፈንና የወለሉን ኢንሱሌሽን ማደስ የመሰሉትን ውድ ሥራዎች ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሊሠሩት ስለሚችሉ፣ ጠያቂዋ 1,500 ዶላሯን ከማውጣቷ በፊት ማመልከት ይኖርባታል። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ቅጹን ዛሬ መሙላትና እስከዚያው ርካሹን ሥራ በራስ እጅ መሥራት ነው የሚሻለው። ለማሞቂያ ወጪ ደግሞ ሊፕ የተሰኘው የኮሎራዶ ድጎማ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ማመልከቻ ይቀበላል።

ምላሽ 9 የመንግሥት እርዳታ መቀበል የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይን ያበላሽ እንደሆነ ይጠይቃል። ጠያቂዋ ዜግነት እንዳላት በአንድ መስመር ስለመለሰች ነገሩ በእሷ በኩል ተዘግቷል፤ ጉዳዩ ያልተቋጨለት ሰው ግን ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ እንጂ በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ በተባለ ነገር አይመራ።

ምላሽ 10 የቤቱን ዕድሜ ይዞ የመጣ ነው። የፌዴራሉ የሞባይል ሆም ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ጁን 15 ቀን 1976 በመሆኑ የ1983ቱ ቤት በዚህ ሕግ ሥር የተሠራ ነው፤ ከውጭ በኩል በግርጌው ላይ ቀይ የብረት ምልክት፣ ከውስጥ ደግሞ በወጥ ቤት ካቢኔት ወይም በኤሌክትሪክ ሳጥኑ አካባቢ ቤቱ ለየትኛው የበረዶ ክብደትና የአየር ንብረት እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የሙቀት መጠበቂያው ደንብ የተጠናከረው በ1994 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ብርድ ቢያስገባ የሚያስገርም እንዳልሆነ ያክላል። ከ1978 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በብዛት የተዘረጋው ፖሊቡቲሊን የሚባል ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ በቤቱ ውስጥ ካለ፣ መገጣጠሚያው በድንገት ስለሚፈነዳ የዋናውን ውኃ መዝጊያ ቦታ ከወዲሁ ማወቅ የግድ ነው። በቧንቧው ላይ የሚጠመጠመው የማሞቂያ ሽቦም ካረጀ ወይም በራሱ ላይ ተደራርቦ ከተጠመጠመ እሳት እንደሚያስነሳ የገለጸበትን ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ሌላ አንባቢ ደግፎታል።

በምላሽ 11 ድምፁ ሻከረ። ጸሐፊው ሞባይል ሆም እንደ መኪና በየዓመቱ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ እንደሆነ፣ መሬቱ የሌላ ሰው በሆነበት ቦታ ላይ አበባ መትከል ለባለቤቱ መሬት ማሳመር እንደሆነ፣ በገንዘቡ ኮንዶሚኒየም መግዛት ይቻል እንደነበር በማያወላውል ቃል ይናገራል። ምላሽ 12 በቁጥር መለሰለት፤ በባንክ ቅድመ ክፍያ፣ በወርኃዊ የማኅበር መዋጮና በወለድ ላይ ተመሥርቶ ያሰላው ስሌት ለአንዲት የሌሊት ተረኛ ደመወዝ የማይቻል መሆኑን ያሳያል። ከዚያም በላይ፣ ጠያቂዋ የጠየቀችው ቤቱን ልግዛ ወይስ ልተው የሚል ሳይሆን የገዛሁትን እንዴት ላሙቀው የሚል ስለሆነ ምላሽ 11 ከጥያቄው ውጭ እንደሆነ ተናግሯል። የመሬቱ ጉዳይ ግን እውነት ነው፤ ተድበስብሶ ማለፍም የለበትም።

ምላሽ 13 የመሬቱን ጉዳይ በሕግ በኩል ያነሣዋል፤ ጸሐፊዋ በራሷ ፓርክ የነዋሪዎች ስብሰባ ስታስተባብር የቆየች ናት። በኮሎራዶ የቦታ ኪራይ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር እንደማይቻልና ጭማሪው ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ መታወቅ እንዳለበት፣ ባለቤቱ ፓርኩን ሊሸጥ ሲል ነዋሪዎቹ ተደራጅተው የመግዛት ጥያቄ ለማቅረብ ጊዜ እንደሚሰጣቸው ታስረዳለች። ይህ ጊዜ በ2020 በወጣው ሕግ 90 ቀን ሲሆን በ2022 ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል። ቅሬታ የሚቀርብለት የሞባይል ሆም ፓርክ ተቆጣጣሪ ክፍልም በግዛቱ የአካባቢ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ውስጥ አለ። ወዲያው አንድ የሲያትል ነዋሪ ገብቶ በዋሽንግተን ግዛት በ2025 የወጣው ሕግ የሞባይል ሆም ቦታ ኪራይ ጭማሪን በዓመት 5 በመቶ ላይ እንደገደበው ጠቅሷል፤ በኮሎራዶ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም።

በእኔ እምነት የጠያቂዋ ገንዘብ አከፋፈል በሙሉ ከዚህ ነው የሚነሣው። ከቤቱ ጋር የሚቀር ሥራ፣ ማለትም ወለሉ፣ ቱቦው፣ መስኮቱና ጣሪያው ላይ የሚወጣ ገንዘብ የእሷ ሆኖ ይኖራል፤ በዕቃ ውስጥ የተተከለና ተነሥቶ የሚሄድ ተክልም የእሷ ነው። በመሬቱ ውስጥ የሚቀበር ድንጋይ፣ ሲሚንቶና ቋሚ አጥር ግን ውሉ ባበቃ ቀን ጥላው የምትሄደው ነው። ይህን ልዩነት ከያዘች ምላሽ 11 የፈራላት ነገር አያገኛትም።

ምላሽ 14 በደስታ የተጻፈ ነው፤ ሙሉ ቤት የሚሆነው ቡና ሲፈላ እንደሆነ፣ በሳሎኑ መካከል ከሰል አያይዞ፣ ዕጣን አጭሶ፣ ጎረቤት ጠርቶ ቡና ማፍላት ከማንኛውም ማሞቂያ የበለጠ እንደሚያሞቅ ይናገራል። ምላሽ 15 ደግሞ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ የቀደመውን ምላሽ ሰርዙልኝ እስከማለት ደርሳለች። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ እንደሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም እንደሌለው፣ ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ጉንፋን ነው ብሎ የተኛ ሰው ላይነሣ እንደሚችል ጽፋለች። ምላሽ 16 ከእናት ከአያቶቻችን ጀምሮ በከሰል ሲፈላ ማን ሞተ ብሎ ተቆጣ። ምላሽ 17 ግን ልዩነቱን በእርጋታ አስረዳ፤ በአገር ቤት ጭስ ቤቱ ለብቻው የቆመ፣ ቤቱም በበሩና በጣሪያው አየር የሚመላለስበት ነው፤ እዚያም ቢሆን ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም የሰማነው ነው፤ ጠባብ ሞባይል ሆም ደግሞ ስንጥቁ ሁሉ በፕላስቲክና በሙጫ ከተደፈነ በኋላ ጥሶ የሚወጣ አየር የለውም።

በዚህ ጉዳይ ማለዘብ አይገባኝም። እስካሁን በዚህ ውይይት ከተሰጡት ምክሮች ዋና ዋናዎቹ ቤቱን የሚያጠብቁ ናቸው፤ ቤት በጠበቀ ቁጥር ደግሞ ከሰሉ ይበልጥ ገዳይ ይሆናል። ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ የለበሰው ረመጥ በጣም የሚያሳስተው ነው፤ ጭስ ስለሌለው ያለቀ ይመስላል፤ ጋዙን ግን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ይለቃል። ስለዚህ ውጭ የተያያዘ ማንደጃ ረመጥ ሆነ ተብሎ ወደ ቤት አይግባ። ቡናውን በረንዳ ላይ መቁላት፣ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ማፍላት፣ ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ማጨስ ይቻላል፤ ረከቦቱ፣ ሲኒው፣ ቁርሱና ሦስቱ ዙር ምንም አይጎድልባቸውም። በኮሎራዶ ከ2009 ጁላይ ወዲህ የተሸጡና በጋዝ የሚሞቁ ቤቶች ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በር በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል። ከ1,500ው ዶላር የመጀመሪያው ለዚህ ማንቂያ ይውጣ።

ምላሽ 18 ወደ እንጀራ ምጣዱ ወሰደን። ምጣድና የክፍል ማሞቂያ በአንድ መስመር ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ እንደሚወርድ፣ ብሬከሩን ግን በትልቅ መተካት ሽቦውን እንደሚያቃጥል፣ የምጣዱ እንፋሎትም በቀዝቃዛው መስኮት ላይ ጤዛ ሆኖ በመስኮቱ ግርጌ ያለውን እንጨት እንደሚያበሰብስ ጽፏል። መፍትሔው በጋገሩ ቁጥር የወጥ ቤቱን አየር ማውጫ ማብራትና መስኮት በጥቂቱ መክፈት ነው።

ከምላሽ 19 ጀምሮ ውይይቱ ወደ ጓሮው ዞረ። ይህን ምላሽ የጻፈችው በኦሮራ የጋራ እርሻ ላይ ጎመንና ቃሪያ የምታመርት እናት ናት። የዴንቨር አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ እንዳለው፣ የመጨረሻው ውርጭ እስከ ሜይ አጋማሽ ሊዘልቅ፣ የመጀመሪያው ደግሞ በኦክቶበር መጀመሪያ ሊደርስ እንደሚችል አስረድታ፣ ለጠያቂዋ አሁን የቀራት ነጭ ሽንኩርት እንደሆነ ነገረቻት። የነጭ ሽንኩርት ፍሬ በኦክቶበር ተተክሎ፣ በጭድ ጉዝጓዝ ተሸፍኖ፣ ብርዱን ከመሬት ውስጥ አሳልፎ በጁላይ ይነቀላል። ጎመንና ቆስጣ ቀዝቃዛን ስለሚችሉ በኤፕሪል ይዘራሉ፤ ቃሪያና በሶብላ ግን ውርጭ አንድ ሌሊት ቢነካቸው ስለሚጠቁሩ ሜይ አጋማሽን ይጠብቁ። ጤና አዳም ብርዱን ይችላል፤ ሲቆረጥ ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ከመታው ውኃ የቋጠረ ቁስል ስለሚያወጣ ልጆች እንዳይነኩት ትመክራለች።

ምላሽ 20 መሬቱ እንዲለማ የቡናውን አተላና የከሰሉን አመድ ሁሉ እዚያው ማፍሰስ እንደሚበቃ ተናገረ። ምላሽ 21 አመዱን በጽኑ ተቃወመ፤ የኮሎራዶ ሸክላማ አፈር ቀድሞውኑ አልካሊነት (የአሲዳማነት ተቃራኒ) የበዛበት በመሆኑ አመድ ችግሩን እንደሚያባብሰው፣ በአገራችን አሲዳማ በሆነ አፈር ላይ የሚጠቅመው ነገር እዚህ ጎመኑን እንደሚያቀጭጨው አስረዳ። የቡና አተላም አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ታጥቦ የወጣ አተላ ለገለልተኛነት የቀረበ ስለሆነ፣ ከቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ተብላልቶ ብስባሽ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። ይህ ትክክለኛ እርማት ነው፤ በገዛ ሠፈሬ በአመድ የተጎዱ ጓሮዎች አይቻለሁ።

በምላሽ 22 በሣጥን ውስጥ የሚዘጋጁ የአትክልት መደቦች ጉዳይ መጣ። ጸሐፊው ከመደብሮች ጀርባ በነፃ የሚገኙትን፣ ዕቃ የሚጫንባቸውን የእንጨት ፓሌቶች ፈትቶ ጉልበት የሚደርስ ሣጥን መሥራት እንደሚቻል፣ ነገር ግን ማኅተሙ ኤች ቲ (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ስለሆነ እሱን ብቻ እንድትወስድ፣ ኤም ቢ (MB) የሚለው በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ እንድትተወው መክሯል። ጉድጓድ የምትቆፍር ከሆነ በ811 ደውላ የጋዝና የመብራት መስመሮቹን በነፃ ማስመልከት አለባት። ሌላ ሰው በዚያው ላይ፣ 811 የሚያመለክተው አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ሰጪዎቹን መስመር ብቻ እንደሆነ፣ በፓርኩ ውስጥ የተዘረጋውን ለማወቅ አስተዳደሩን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ አርሟል፤ ይህም በሣጥን መትከል መሬት ከመቆፈር የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ነው። በ2016 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ የጣሪያ ዝናብን በሁለት በርሜል እስከ 110 ጋሎን አጠራቅሞ አትክልት ማጠጣት ስለሚፈቅድ፣ ከሞባይል ሆሙ አሸንዳ ሥር በርሜል ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚህ በኋላ የጌሾ ችግኝ የት ይገኛል የሚል ጥያቄ ገብቶ፣ ስለ ጠላ አጠማመቅ ጥቂት ሲወራ ቆይቶ፣ አዛውንቱ የጎመን ዘር በፖስታ እንደሚልኩ ቃል ገብተው ነገሩን ወደ ጓሮው መለሱት።

ምላሽ 23 የጠያቂዋ ነው። የዌዘራይዜሽኑን ማመልከቻ እንዳስገባች፣ ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎች፣ ለመሬቱ የሚነጠፍ ፕላስቲክ፣ የአሉሚኒየም ፕላስተርና የመስኮት መሸፈኛ ፊልም እንደገዛች፣ ይህ ሁሉ ሆኖ አብዛኛው ገንዘቧ ገና በእጇ እንዳለ ገልጻለች። የምላሽ 3 ጸሐፊ የነገራትን በመከተል ከወንድሟ ጋር ከቤቱ ሥር ገብታ በልጆቹ መኝታ ክፍል ትክክል ሸራው ክንድ ያህል ተቀድዶ፣ ቱቦውም ከመገጣጠሚያው ወጥቶ አግኝታዋለች። ቀለሙን ለጸደይ አቆይታዋለች። የቀራት ጥያቄ አንድ ነው፤ የፓርኩ ውል ቋሚ ግንባታ ይከለክላል ስለሚል፣ የእንጨት ሣጥኖቹ በዚህ ይካተቱ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች።

ምላሽ 24 የምላሽ 13 ጸሐፊ ናት። ሣጥኖቹ ከመሬት ጋር ያልተያያዙና የሚነሡ መሆናቸውን ጠቅሳ፣ ልካቸውንና ቦታቸውን በወረቀት ስላ ለአስተዳደሩ እንድትሰጥና ፈቃዱን በጽሑፍ እንድትቀበል መከረቻት፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። በዚያው ላይ የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ በስሟ መዛወሩን፣ የቀድሞው ባለቤት የንብረት ግብር ዕዳ እንዳልቀረበትም ከካውንቲው ጽሕፈት ቤትና ከግብር ሰብሳቢው እንድታረጋግጥ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ግን ይህ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ በያዘችው ባልዲ ውስጥ እንድትተክለው ነግራታለች።